ዕረፍት የማያስለቅቀው ድካም፦ ካንሰር፣ አቅም ማጣትና የሌሊት እንቅልፍ

ካንሰር ያለበት ሰው «ደከመኝ» ሲል ከቤተሰቡ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ታዲያ ተኛ! ምን ያስነሳሃል?» ከፍቅር የመጣ መልስ ነው። ለሁለት ለሦስት ቀን ምንም አይልም። ለወራት ሲቀጥል ግን ነገሩን ያባብሰዋል። ቀን ሙሉ ጋደም ሲል የዋለ ሰው ሌሊት ዓይኑ ይፈጣል። ሌሊት ያልተኛ ቀን ይዝላል። የዛለው ደግሞ ተመልሶ አልጋው ላይ ይወጣል። በዚህ መሃል ጡንቻው ከቀን ወደ ቀን እየሟሸሸ ይሄዳል።

ስለዚህ ድካሙንና እንቅልፉን ለየብቻ ማከም አያዋጣም። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ደግነቱ፣ አንዱ ሲሻሻል ሌላውም አብሮ የመሻሻል ዕድል አለው።

ምን ዓይነት ድካም ነው?

ጤነኛ ሰው የሚደክመው በሠራው ልክ ነው። ሲለፋ ይውላል፣ ይደክመዋል፣ ተኝቶ ሲነሳ ይለቀዋል። ከካንሰር ጋር የሚመጣው ድካም ከተሠራው ሥራ ጋር አይመጣጠንም። ሰውየው ገላውን ታጥቦ ልብስ ስለቀየረ ብቻ ለአንድ ሰዓት መቀመጥ ሊያስፈልገው ይችላል። ስምንት ሰዓት ተኝቶ ሲነሳም ያው ነው። እግር ይከብዳል። አንድን አንቀጽ ሦስቴ አንብቦ ምን እንደሚል አለመያዝ፣ የሰው ስም ድርግም ብሎ መጥፋት፣ በትንሽ ነገር መነጫነጭም የዚሁ አካል ናቸው። ስንፍና አይደለም፤ ቅብጠትም አይደለም።

ድካም ከእንቅልፍ እጦት ጋር አንድ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። እንቅልፍ ያነሰው ሰው ቁጭ ባለበት ዓይኑ ይከደናል። የደከመው ሰው ግን ጋደም ብሎም እንቅልፍ ላይወስደው ይችላል። ከድብርትም ይለያል። ድብርት የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ድሮ የሚወደው ነገር ራሱ ያስጠላዋል። ድካም ብቻ ያለበት ሰው ግን ያምረዋል፤ አቅሙ ነው እምቢ የሚለው። ሁለቱ ተደርበው የሚመጡበት ጊዜም ስላለ ሐኪም በግልጽ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ካልጠየቀ እርስዎ ያንሱት።

ኬሞቴራፒ ወይም የጨረር ሕክምና ላይ ካሉ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ድካም በሆነ ደረጃ ያዩታል። በአንዳንዶች ላይ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበውን እዚህ ላይ ልናገር፦ ድካሙ ስለባሰ ብቻ ካንሰሩ ተስፋፋ ማለት አይደለም። ሕክምናው እየሠራ፣ ዕጢው እየቀነሰ ድካሙ ሊጨምር ይችላል። ይህን ፍርሃት ይዘው ለሐኪሙ ሳይናገሩ የሚቀሩ ብዙዎች ናቸው። «ሕክምናውን ያቋርጡብኛል» ብለው የሚደብቁም አሉ።

ድካሙ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው

በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ ኬሞ ከሆነ፣ ከባዱ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ናቸው። ከዚያ ቀስ በቀስ ይነሳሉ። «አሁንማ ሰው ሆንኩ» ሲሉ ቀጣዩ ዙር ይደርሳል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከኬሞው ጋር ለማቅለሽለሽና ለአለርጂ ተብሎ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ በብዛት ይሰጣል። እሱ በሚወሰድባቸው ቀናት ሰውየው ሊነቃቃ፣ እንዲያውም እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ሲቆም ግን ሸርተት ይላል። ቤተሰብ «ትናንት ደህና አልነበርክ እንዴ?» ብሎ ግራ የሚጋባው ያኔ ነው።

የጨረር ሕክምና ጠባዩ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ላይኖር ይችላል። ድካሙ እየተጠራቀመ ሄዶ ወደ ሕክምናው ማብቂያ አካባቢ ይበረታል። አንዳንዴ ጨረሩ ካለቀ በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት ይቆያል። «ጨርሻለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ሥራ እገባለሁ» ብሎ ያቀደ ሰው ይህን ካላወቀ ቅስሙ ይሰበራል።

በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የወሰዱትን ሕክምናና የድካሙን ልክ ከ0 እስከ 10 ይጻፉ። 0 ምንም ድካም የለም፣ 10 ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻው ድካም ነው። ባለሙያዎች በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ያለውን ቀላል፣ ከ4 እስከ 6 ያለውን መካከለኛ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ያለውን ከባድ ይሉታል። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መንስኤው መፈተሽ አለበት። ሁለት ዙር ከጻፉ በኋላ የራስዎ ቅርጽ ይወጣል። ደህና ቀኖችዎ የትኞቹ እንደሆኑ ስለሚያውቁ ቀጠሮም፣ እንግዳም፣ ሥራም በነሱ ላይ ያደርጋሉ።

ለሐኪምም «ደክሞኛል» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ወር ደረጃውን አንዴ ሳላርፍ እወጣ ነበር፤ አሁን መሃል ላይ እቀመጣለሁ፤ ቁጥሩ 7 ነው» ማለት ብዙ ይናገራል። «ደክሞኛል» የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ስለሚሰማ በቀላሉ ይታለፋል።

ከየት ይመጣል?

አንድ መንስኤ የለውም። ዕጢው ራሱም ሆነ ሕክምናው ሰውነት ውስጥ ብግነት ይቀሰቅሳል። ያኔ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖች በደም ውስጥ ይበዛሉ። ጉንፋን ሲይዘን ብርድ ልብስ ውስጥ ግቡ የሚሉን እነሱው ናቸው። ጉንፋን በሳምንት ይለቃል። እዚህ ግን መልእክቱ ለወራት ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ከዚህ ሥር ደግሞ ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች ይደበቃሉ። መፈለግ ያለባቸው እነሱ ናቸው። ደም ማነስ አንዱ ነው። ኬሞ የአጥንት መቅኒን ስለሚጫን ቀይ የደም ሴል ያንሳል። ሆኖም «ደም ማነስ ነው» ሲባል ሮጦ የብረት እንክብል መግዛት ልክ አይደለም። መቅኒው በኬሞ ከተዳከመ ብረት ብቻውን አይረዳም። የሚረዳው የብረት እጥረት ካለ ነው፤ እሱ ደግሞ በደም ምርመራ ይታወቃል። የታይሮይድ ዕጢ መዳከም ሌላው ነው። አንገታቸው ላይ ጨረር ባረፈባቸውና ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነሳሳ ሕክምና) በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይበዛል። በየቀኑ በሚዋጥ የሆርሞን እንክብል ይስተካከላል። ኢሚውኖቴራፒ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎችም አልፎ አልፎ ይጎዳል። ድካሙ ከማቅለሽለሽ፣ ከደም ግፊት መውረድና ከማዞር ጋር ከመጣ ፈጥኖ መናገር ያስፈልጋል።

የሶዲየም ማነስ፣ የውሃ እጥረት፣ በቂ ምግብ አለመብላት፣ ኢንፌክሽን፣ ያልታከመ ሕመም፣ ድብርት፣ የልብ መዳከም፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። መድኃኒቶቹ ራሳቸውም አሉበት። ሞርፊንና መሰሎቹ ከባድ ሕመም ማስታገሻዎች፣ አንዳንድ የማቅለሽለሽ መድኃኒቶች፣ የአለርጂ እንክብሎች፣ የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች ሁሉ ያደነዝዛሉ። ማቆም ሳይሆን ሰዓቱን ወይም መጠኑን ከሐኪም ጋር መከለስ ነው መፍትሔው። ያልታከመ ሕመምም እኮ ያደክማል።

ነገ ልደውል የማይባልባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው የሙቀት መጠኑ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ሕክምና ነው። ነጭ የደም ሴሉ ባነሰበት ሰዓት ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊከብድ ይችላል። ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት፣ የማይቆም መድማት፣ ራስን መሳት፣ ወይም ከአልጋ መነሳት አቅቶ አንድ ሙሉ ቀን ማለፍም እንደዚያው ናቸው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣም አይደበቅ። እሱም ሕክምና ያለው ድንገተኛ ጉዳይ ነው።

መንቀሳቀስ፣ ለደከመው ሰው?

አዎ። ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ግን ከተሞከሩት ነገሮች ሁሉ ለዚህ ድካም ጠንካራ ማስረጃ ያለው ይሄ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ጃማ ኦንኮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ትንተና 113 ጥናቶችን፣ ከ11,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ ተመልክቷል። የአካል እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ለብቻም ሆነ አንድ ላይ፣ ድካምን በመቀነስ ከመድኃኒቶች በልጠው ተገኝተዋል። የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ያስቀመጠው መጠን ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ፣ መካከለኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛ ማለት እየሄዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። ለውጥ ለማየት ወደ 12 ሳምንት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

30 ደቂቃ ሲባል ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም። መነሻው እሱ አይደለም። በጣም ለደከመ ሰው አምስት ደቂቃ ቤት ውስጥ መራመድ ጅምር ነው። ከወንበር እጅን ሳይደገፉ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥም የእግር ጡንቻን ያሠራል። ሁለት ሦስት ቀን ከለመደ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። ልኩን የሚነግርዎ በማግስቱ ያለው ስሜት ነው። ከእንቅስቃሴው በኋላ ትንሽ ደክሞዎት ቶሎ ከተመለሱ ልክ ነዎት። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ካቃተዎት አብዝተዋልና ይቀንሱ፤ ግን አያቁሙ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሰው አለ። ካንሰሩ ወደ አጥንት የተዛመተበት ሰው ከባድ ነገር ከማንሳትና ከመዝለል በፊት የትኛው አጥንት እንደተነካ ማወቅ አለበት። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት በጣም ሲያንስ መውደቅ ራሱ አደጋ ነው። በኬሞ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ከመንገድ ይልቅ በተቀመጠበት የሚሠራ ነገር ቢመርጥ ይሻላል። ትኩሳት ባለበት ቀን ጭራሽ አይሞከርም።

ለማይንቀሳቀሱበት ሰዓት ደግሞ ቁጠባ ያስፈልጋል። ጉልበት እዚህ ላይ እንደ ወር ደመወዝ ነው። በወጣ ማግስት ሙሉውን የሚያጠፋ ሰው ወሩን በብድር ይገፋል። ብዙዎች ደህና የሆኑባት ቀን ስትመጣ የሳምንቱን ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊጨርሱ ይነሳሉ፤ ከዚያ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ናቸው። የዛሬውን ሥራ በሦስት ይክፈሉት፦ እኔው ራሴ የምሠራው፣ ሌላ ሰው ሊሠራልኝ የሚችለው፣ ባይሠራም ምንም የማይመጣበት። ሦስተኛው ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። ገላ ሲታጠቡ፣ ልብስ ሲያጥፉ ወንበር ይጠቀሙ። ማረፍም ሳይዝሉ በፊት ነው። እና እባክዎን፣ ደስ ለሚያሰኝዎት ነገርም ከዚያው ጉልበት ይመድቡ። ጉልበቱን በሙሉ ለግዴታ ያዋለ ሰው ምን ቀረለት?

የሌሊቱ ጉዳይ

እንቅልፍን የሚያመጡ ሁለት ኃይሎች አሉ። አንደኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚጠራቀመው የእንቅልፍ ግፊት ነው። ሁለተኛው በብርሃን የሚመራው የሰውነት ሰዓት ነው። ቀን ሁለት ሰዓት ያሸለበ ሰው የመጀመሪያውን ያባክናል። መጋረጃ ዘግቶ የሚውል ሰው ሁለተኛውን ያሳስታል።

አርተር ስፒልማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንቅልፍ ማጣትን በሦስት ከፍሎ አስረድቶ ነበር። ለችግሩ የሚያጋልጥ ተፈጥሮ አለ፣ የሚቀሰቅሰው ክስተት አለ፣ ክስተቱ ካለፈ በኋላ ችግሩን በሕይወት የሚያቆየው ልማድ አለ። ካንሰር ላይ ቀስቃሹ ሞልቷል። ምርመራው ራሱ፣ ሕመሙ፣ ስቴሮይዱ፣ ሌሊት ለሽንት መነሳት፣ የነገው ውጤት ጭንቀት። የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር የሆርሞን ሕክምና የሚያመጣው ድንገተኛ ሙቀትና ላብም አለ። እነዚህ ሲያልፉ እንቅልፉ ይመለሳል ብለን እንጠብቃለን። ሰውየው ግን በዚህ መሃል በጊዜ አልጋ ላይ መውጣት፣ ረፋድ ላይ መነሳት፣ ቀን ማሸለብ ለምዷል። ቀስቃሹ ሄዶ ልማዱ ይቀራል።

ከቀስቃሾቹ አንዳንዶቹ በቀላሉ ይነካሉ። ስቴሮይዱን ጠዋት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትም ከምሽት ወደ ጠዋት ሊዞር ይችላል። ሌሊት ሕመም የሚቀሰቅስዎት ከሆነ ረዘም ላለ ሰዓት የሚሠራ ማስታገሻ አለ። ካፌይን ከተወሰደ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ ስለሚሆን ቡናና ሻይ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ቢያበቁ ጥሩ ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከዚያ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጥሰዋል።

ልማዱን ለመስበር ደግሞ የኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ሕክምና የሚባል፣ ስለ እንቅልፍ ያለንን አስተሳሰብና ልማድ የሚቀይር ሕክምና አለ። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን በፊት የሚመከረው እሱ ነው። በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 በሚሆኑ ክፍለ ጊዜዎች ያልቃል። ካንሰር ባለባቸውና በነበረባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። ዋናው ክፍሉ በሒሳብ ይገለጻል። አንድ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋ ላይ ወጥቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሳል እንበል። 10 ሰዓት አልጋ ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት ሲመዘግብ ግን በአማካይ የተኛው 6 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። 60 በመቶ መሆኑ ነው። ቀሪውን 4 ሰዓት ጣሪያ እያየ ነው ያሳለፈው። አልጋውም ለጭንቀት መቀመጫ ሆኗል።

ባለሙያው ታዲያ ያልተጠበቀ ነገር ያዘዋል። አልጋ ላይ የምትሆነው 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ሰውም ይማረራል። ግን የእንቅልፍ ግፊቱ ስለሚከማች ስድስቱ ሰዓት ይሞላል። ከአልጋው ጊዜ 85 በመቶውን መተኛት ሲጀምር በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል። ከ5 ሰዓት በታች አይወረድም። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበት ሰው፣ የሚያሽከረክር ሰው፣ ለመውደቅ የተጋለጠ ሰው ያለ ባለሙያ ባይሞክረው ይሻላል። ኬሞ መሃል ላይ ላለ ሰውም ባለሙያዎች ለስለስ አድርገው ነው የሚሰጡት።

ባለሙያ በሌለበት በራስ ማድረግ የሚቻለው ክፍልም አለ። የመነሻ ሰዓት አይቀየር፤ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርግ ሰው ይህን ቢያደርግ እመርጣለሁ። እንደተነሱ ወደ ብርሃን ይውጡ። እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አይውጡ። 20 ደቂቃ ገደማ ካለፈና ካልመጣ ተነስተው ሌላ ቦታ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጡ፣ ሲመጣ ይመለሱ። ሰዓት ግን አይቁጠሩ፤ በግምት ይሁን። ቀን ማሸለብ ግድ ከሆነ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊትም ይሁን።

እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን ክፉ ነው አልልም። ከባድ ዜና የተሰማበት ሳምንት ላይ ለጥቂት ቀን ሊያግዝ ይችላል። ሲቆይ ግን ሰውነት ይለምደዋል፤ ማታ ለሽንት የተነሳን አዛውንት ይጥላል። ዲያዜፓምንና መሰሎቹን የማረጋጊያ መድኃኒቶች ከሞርፊን ጋር መደረብ አተነፋፈስን ሊያዳክም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. በዚህ ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከሰው ተውሶ መዋጥማ ጭራሽ አይሆንም። ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን የሆርሞን መድኃኒት ታሞክሲፌንን የሚወስዱ ሰዎች፣ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች የታሞክሲፌንን ሥራ ሊያዳክሙ እንደሚችሉ ይወቁ፤ ለድብርትም ለድንገተኛው ሙቀትና ላብም ሌላ አማራጭ አለ። «ዕፅዋት ናቸው፣ አይጎዱም» የሚባሉትም ከኬሞ ጋር ሊጋጩ ስለሚችሉ ስማቸውን ለሐኪም ይንገሩ።

ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና መሃል ላይ ትንፋሹ ቀጥ የሚል ሰው በልማድ ለውጥ አይድንም፤ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልገዋል። ማታ ጋደም ሲል እግሩን ካላንቀሳቀስኩ የሚያሰኘው ሰው ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው የብረት መጠን ይታይለት።

ሕመሙ በጣም በገፋበትና የሚቀረው ጊዜ አጭር በሆነበት ሰዓት ግን እስካሁን የተባለው ልኩ ይቀየራል። ያኔ ስለ መነሻ ሰዓት መጨቃጨቅ ትርጉም የለውም። ሰውየው ሲመጣበት ይተኛ። ሐኪሞች ለጥቂት ሳምንታት ስቴሮይድ ሰጥተው አቅሙን ከፍ የሚያደርጉበት ጊዜም አለ። ለረጅም ጊዜ ግን የጡንቻ መሟሸሽና የስኳር መጨመር ስለሚያመጣ አይመከርም። ምን ማድረግ እንደሚፈልግ እሱኑ ይጠይቁት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከልጆቹ ጋር የሚያወራበት አንድ ሰዓት ብቻ ቢፈልግ፣ የቀኑ ሌላው ነገር ሁሉ ለዚያ ሰዓት ሲባል ይስተካከላል። ማስታገሻው ቀድሞ ይሰጣል፣ ገላ መታጠቡ ለነገ ይተላለፋል፣ ጠያቂም በሌላ ሰዓት እንዲመጣ ይነገረዋል።